ስለ አንድ ትልቅ ቱባ የተሰጠ ፍርድ

በአማርኛችን ቱባ ብዙ ነገር ነው። ለሸማኔ የክር ጥቅል ነው፤ ስለ ባህል ለሚናገር ሰው ያልተበረዘና ያልተከለሰ ማለት ነው፤ ለጋዜጠኛ ደግሞ ባለሥልጣንን ከባለሥልጣን የሚያስበልጥ ቅጽል ነው። “ቱባ ባለሥልጣን” ሲባል ክብደቱ ወንበሩን የሚያስጮህ ሰው ይታየናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማወራለት ቱባ ከነዚህ ከሦስቱም ጋር ዝምድና የሌለው፣ ስሙን ከላቲን የወረሰ፣ ከናስ የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ይሁንና አንባቢ ሦስተኛውን ትርጉም በልቡ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

የምኖረው በስኪዳም ነው፤ ከሮተርዳም በስተምዕራብ ተጣብቃ የምትገኝ፣ የኔቨር በተባለው መጠጧና በረጃጅም የነፋስ ወፍጮዎቿ የታወቀች የሆላንድ ከተማ ናት። ሙያዬ የሳንባ ሕክምና ሲሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በአንድ የሠፈር የሙዚቃ ማኅበር ውስጥ ቱባ እነፋለሁ። ሆላንዶች እንዲህ ያለውን ማኅበር እንደ አደረጃጀቱ ሃርሞኒ ወይም ፋንፋር ይሉታል። ሃርሞኒ ክላሪኔትና ፍሉት የታከሉበት ነው፤ ፋንፋር የናስ መሣሪያዎችና የሳክስፎን ስብስብ ነው። የኛ ሃርሞኒ ነው። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ገንዘብ ያዣችን አንድ ቱባ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ መጠራቀሙን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ያገለገለ ግዙፍ ቱባ ለሁለት ሳምንት ሙከራ መጣ፤ ገምግሜ በጽሑፍ እንዳቀርብ እኔ ተመደብኩ። አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው፤ መሣሪያው ቢገዛ የምነፋው እኔው ነበርኩ። ዳኛውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ቱባ በዕድሜ ወጣት መሣሪያ ነው። የፕሩሲያ ጦር የሙዚቃ ኃላፊ የነበረው ቪልሄልም ቪፕሬኽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሃን ሞሪትስ የፈጠራ መብቱን በርሊን ላይ ያስመዘገቡት በ1835 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተፈለገበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሜዳ የሚሰለፍ የጦር ባንድ ከታች የሚደግፈው ጽኑ ድምፅ አጥቶ ነበር። በ1842 ደግሞ ቫክላቭ ፍራንቲሼክ ቼርቬኒ የተባለ ሰው በቦሄሚያዋ ከተማ በህራዴትስ ክራሎቬ የናስ መሣሪያ ቤት አቋቋመ። ያ ቤት የታችኞቹን መሣሪያዎች እያወፈረና እያሰፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ካይዘር፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥት፣ የሚል ቅጽል እስከ መስጠት ደርሷል።

ዕጣዬ ሆኖ ሕክምና የተማርኩት በዚያች ከተማ ነው። በ1988 ከአዲስ አበባ ወጥቼ አንድ ዓመት ቋንቋ ከተማርኩ በኋላ ወደ ሕክምና ፋኩልቲው ገባሁ። ገና ወንበሬን ሳላሞቅ፣ በኅዳር 1989፣ የተቀበለን መንግሥት ወደቀ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ የላከን መንግሥት ወደቀ። በዚያ ሁሉ መካከል ሳይናወጥ የቀጠለ አንድ ነገር ቢኖር እሑድ እሑድ በመናፈሻው የሚሰማው፣ ቼኮች ደኾቭካ የሚሉት የናስ ሙዚቃ ነበር። በኋለኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጁን እንዳቀፈ አያት፣ ካይዘር ቱባውን በጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። የሰዎቹን ቋንቋ በቅጡ ሳልለምድ የዚያን መሣሪያ ንግግር የለመድኩ መሰለኝ። አንድ ቀን እኔም እንዲህ ያለውን እነፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እንግዲህ ለፈተና የመጣልን ቱባ በመለማመጃ ክፍላችን በር ሲገባ፣ ለኔ የገባው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የገባሁት ቃል ነበር።

መሣሪያው በቢ ፍላት የተቃኘ ነው። ምንም ቫልቭ ሳይጫን የቱቦው ርዝመት 5.5 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ታናሽ ወንድሙ፣ በኢ ፍላት የሚቃኘው፣ 4 ሜትር ያህል ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የቱባ ግዝፈት በሩብ ይነገራል፤ ሦስት ሩብ፣ አራት ሩብ፣ አምስት ሩብ፣ ስድስት ሩብ ይባላል። ይህ የርዝመት ሳይሆን የውፍረትና የአፍ ስፋት ደረጃ ነው። የጋራ መስፈርት ስለሌለውም አንዱ ሠሪ አምስት ያለውን ሌላው ስድስት ሊለው ይችላል። የኛ እንግዳ ስድስት ሩብ ተብሎ መጣ። በቤቴ ሚዛን ላይ አቁሜ ስመዝነው 12 ኪሎ ሆነ፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር 50 ሴንቲ ሜትር ነው። አራት የሚሽከረከሩ ቫልቮች አሉት። የሠሪው ማኅተም በመወልወል ብዛት ጠፍቷልና ስሙን ለመጥራትም ለመሰወርም አልተቸገርኩም።

የመጀመሪያውን ምሽት ብቻዬን ነፋሁት። ወለሉ በጫማዬ በኩል መለሰልኝ። ክፍቱ የታችኛው ቢ ፍላት በሰከንድ 58 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህን ድምፅ ሰው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይሰማዋል። ለብዙ ዓመታት የሰውን ደረት ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ደረት ሲዳመጥ የተሰማኝ ያን ሌሊት ነው። በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ፍርዴን በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ይገዛ የሚል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ፍርድ ስሕተት እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ስሕተቱ ሥር ነበረው፤ ሥሩም አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በሰልፍ ቀን፣ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ወደነበረው መስቀል አደባባይ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በሰው እግር መካከል ለቆመ ልጅ ሰልፍ የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነገር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰኝም ጥሩምባው አልነበረም፤ ታቹ ነበር። ባንዱ ከማዕዘኑ ብቅ ሳይል ትልቁን ከበሮና ትልቁን ቱባ ሆዴ ያውቃቸው ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የታችኛ ድምፅ ሞገድ ረጅም በመሆኑ ሕንፃንም ሕዝብንም ዞሮ ያልፋል፤ የላይኛው ግን ይጋረዳል። ለኔ አገር ማለት፣ ማን በሥልጣን ላይ ይኑር ማን፣ ከመታየቱ በፊት ከታች የሚመጣ ድምፅ ነበር።

የዚህን ድምፅ ታሪክ ሁላችንም በመጠኑ እናውቃለን። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቤተ መንግሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ “አርባ ልጆች” የተባለው ባንድ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ተቋቋመ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን፣ ይኸው ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱት ብሔራዊ መዝሙርም በ1930ው የንግሥ በዓል ተሰማ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። በስደት ያለነው ደግሞ ይህን ዘመን፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ላይ ባወጣቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች እንደ አዲስ አዳመጥነው። ባለውለታችን ነው፤ ይህን ሳልናገር ወደ ሂሴ አልገባም።

ሂሴ በፋልሴቶ ላይ ሳይሆን በራሳችን ጆሮ ላይ ነው። ያን ታሪክ የምንሰማውም የምንተርከውም ከፊት ረድፍ ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠ እንላለን፣ ማሕሙድ አሕመድ እንላለን፣ ጌታቸው መኩሪያ እንላለን፤ ልክም ነን። ጌታቸው በሕይወቱ ማምሻ ላይ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ተጣምሮ በ2006 “ሞአ አንበሳ” የተባለውን አልበም ባወጣ ጊዜ፣ እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ስለ ሳክስፎኑ ሽለላ አውርተን አልጠገብንም። ነገር ግን የሚሸልል ሰው የሚቆምበት መሬት ያስፈልገዋል። ያንን መሬት በሰልፉ ሜዳ ይዞ የነበረው ቱባ ነው፤ በመድረኩና በሸክላው ላይ ደግሞ ኮንትራባስ፣ ኋላም የኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ያዘው። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የኤሌክትሪኩ ዘመን ገብቶ ነበር። እስቲ አንባቢን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከነዚያ ባንዶች የአንድ ሳክስፎን ነፊ ስም ጥራ ቢባል ወዲያው ይመጣለታል። የአንድ ቱባ ነፊ ስምስ?

ታቹን አለማስተዋል ከባህላችን የወረስነው አይደለም። እምቢልታን እናስታውስ። እምቢልታ ነፊዎች አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው እየተቀባበሉ ዜማ ያወጣሉ፤ አንዱ ቢቀር ዜማው ይፈርሳል፤ ዜማው የማንም የግል አይደለም። በገናም አለልን። አሥሩ ጅማቶቹ እያንዳንዳቸው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ከሥራቸው ትገባላቸዋለች፤ ያንን የታወቀ ነዛሪ ድምፅ የምትሰጠው እርሷ ናት። እንዚራ የወጣለት በገና ድምፁ ደካማ ነው። ምክንያቱም ጆሮ የታችኛውን ድምፅ የሚያውቀው በታችኛው ብቻ አይደለም፤ በላዩ ከሚነዝሩት ተከታታይ ድምፆች፣ ባለሙያዎች ሃርመኒክ ከሚሏቸው፣ ጭምር ነው። እንዲያውም ሃርመኒኮቹን ከሰማ መሠረቱ ባይኖር እንኳ ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። በልጅነታችን በትንሿ ትራንዚስተር ሬዲዮ ባስ የሰማን ይመስለን የነበረው ለዚህ ነው፤ ያች ድምፅ ማጉያ በሰከንድ 58 ንዝረት ማሰማት የሚያስችል አቅም አልነበራትም። የሞላነው እኛ ነን። የፍርዴ ቁልፍ ይህ ነገር ነው።

በሁለተኛው ቀን ፍቅሬን ወደ ጎን አድርጌ በሐኪም ልማድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚያፈስ እንዳለ መረመርኩ። ቫልቩ ሳይጫን ተንሸራታቹን ቱቦ ስቦ ማውጣት፣ ከዚያ ቫልቩን መጫን ነው፤ “ፖክ” ካለ አየር አያሳልፍም። ሦስቱ አሉ፤ አራተኛው ዝም አለ። ቀጥሎ ቅኝቱን አየሁ። ሁለተኛው ቫልቭ ግማሽ ድምፅ፣ አንደኛው ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። ችግሩ ሲጣመሩ ነው፤ አንደኛው ቱቦውን ካስረዘመው በኋላ ሦስተኛው የሚጨምረው ለረዘመው ቱቦ አይበቃውም፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይሾላል። አራተኛው ቫልቭ የተጨመረው የሁለቱን ጥምረት ተክቶ ይህን እንዲያርም ነው። በለንደኑ የቡዚ ቤት ይሠራ የነበረው ዴቪድ ብሌክሊ ደግሞ፣ ቫልቮቹ ሲጣመሩ የጎደለው ርዝመት በራሱ እንዲጨመር የሚያደርግ ዘዴ በ1874 አስመዝግቧል። በኛ እንግዳ ላይ አራሚው ቫልቭ ራሱ የሚያፈስ ስለሆነ የታችኞቹ ድምፆች ይንገዳገዱ ነበር። አምስተኛው ሃርመኒክም በተፈጥሮው ወደ ታች የሚያጋድል ቢሆንም፣ በዚህኛው በከንፈር ከሚታረመው በላይ ወረደ።

ሆኖም እነዚህን ጉድለቶች ለፍርዴ ምክንያት ላደርጋቸው አልፈለግሁም። ቫልቭ ይታደሳል፤ ቅኝት በልምድ ይገራል። በሚድን በሽታ አሳብቦ በሽተኛን ማሰናበት የሰነፍ ሐኪም ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የትንፋሽ ጥያቄ ነው። ኦቦ ነፊ በከፍተኛ ግፊት ጥቂት አየር ያወጣል፤ ቱባ ነፊ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አየር ያወጣል። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ሙሉ ትንፋሽ ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከወጣትነት ካለፍን ወዲህ በየዓመቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር እየቀነስን እንሄዳለን። በኔ ዕድሜ ሲደመር ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። በትልቁ ቱባ የታችኛውን ድምፅ በጉልበት ስነፋ ትንፋሼ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የነፋው አርኖልድ ጄከብስ፣ ሳንባው በተለይ በኋለኛው ዘመኑ አነስተኛ አቅም የነበረው ሰው ሆኖ ሳለ፣ በግዝፈቱ በታወቀ የዮርክ ቱባ ዓለምን አስደምሟል። አዘውትሮ መተንፈስን ዐወቀበት፤ ለተማሪዎቹም ከሳንባ በፊት በልብ የሚዘመረው ዜማ እንዲቀድም አስተማረ። ስለዚህ ትንሽ ሳንባ ትልቅ ቱባ አይነፋም የሚለው አባባል በሙያዬም ቢሆን አይጸናም።

ልዩነቱ ጄከብስ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንፋቱ ነው። እኛ እንሰለፋለን። እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባዎቹ ነፊዎች አንድ ነገር ልበል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ከተማ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱባው የሚጠይቀው የአየር ስፋት እንጂ ኦክስጅን ስላልሆነ ተቀምጦ ለሚነፋ ሰው ከፍታው ያን ያህል አይከብድም። የሚራመድ እግር ግን ኦክስጅን ይጠይቃል። ከባድ ናስ ተሸክመው፣ እየነፉ፣ በእኩል እርምጃ ዳገት ይወጡ የነበሩትን ሰዎች ልጅ ሆኜ ሳያቸው ሥራቸው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ከባሕር ወለል ጋር በተስተካከለ ሜዳ ላይ ስራመድ እየጠራኋቸው እደነቃለሁ፤ በስማቸው እንዳልጠራቸው ግን ስማቸውን ያስተማረኝ የለም።

ዋናው ጥያቄ የቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ባንዱ ምን ይሰማል? የታችኛው ቢ ፍላት ሞገድ 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመለማመጃ ክፍላችን ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋል። የኔ ወንበር ጥግ ላይ ነው፤ ጥግ ደግሞ የታችኛ ድምፅ የሚያብጥበት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የወደድኩት ግማሹ ቱባው፣ ግማሹ ግድግዳው ነበር። ይህን ስረዳ አፈርኩ። የራሱን ድምፅ ከራሱ ወንበር የሚመዝን ሰው ከመሳሳት አያመልጥም።

ስለዚህ የሕክምና ሙከራ በሚሠራበት ሥርዓት ፈተናውን እንደገና አዘጋጀሁ። መሪያችንና አምስት ሙዚቀኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። አንድ ዝግተኛ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና አንድ ማርሽ መረጥን። ትልቁንና ማኅበሩ ከቀድሞ ያለውን አሮጌ ኢ ፍላት ቱባ፣ ሳንቲም እየወረወርን በወጣው ተራ፣ እኔና ባልደረባዬ እየተፈራረቅን ስምንት ጊዜ ነፋን። እነርሱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ጻፉ። ይህ ሳይንስ ይባል ዘንድ ቁጥሩ አይበቃም፤ ከራስ ወዳድነት ግን ይሻላል። በዝግተኛው መዝሙር ትልቁ በግልጽ በለጠ፤ አንዷ ክላሪኔት ነፊ “እንደ ምንጣፍ” ብላ ጻፈች። በማርሹ ግን አምስቱ ትንሹን መረጡ፤ ትልቁ ከምቱ ኋላ ይቀራል አሉ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣን። በሰባ እርምጃ ርቀት የትልቁ ግዝፈት የት እንደገባ አልታወቀም። መሠረቱ ድምፅ በሜዳው ላይ ተበተነ፤ የትንሹ ግን ሃርመኒኮቹ ጎላ ስለሚሉ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ደረሰ። ነገሩ የበገናውና የእንዚራው ነው፤ ጆሮ ታቹን የሚያገኘው ከላይ በሚነዝረው በኩል ነው።

ማኅበራችን ደግሞ አብዛኛውን የሚነፋው በደጅ ነው። በኤፕሪል 27 በንጉሡ ቀን በየመንገዱ እንሰለፋለን። በሜይ 4 ምሽት፣ አገሩ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ልክ 2 ሰዓት ላይ ለጦርነት ሙታን ሁለት ደቂቃ ጸጥ ሲል፣ ከጸጥታው በፊትና በኋላ እንነፋለን። ያን ጊዜ ብርድ አለ። አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ የድምፅ ፍጥነት ስለሚቀንስ ቅኝት ይወርዳል፤ በዐሥር ዲግሪ ልዩነት የግማሽ ድምፅ ሢሶ ያህል ይሆናል። ትንሹ ቱባ በጥቂት ትንፋሽ ይሞቃል። ትልቁ ግን ሁለቱ የጸጥታ ደቂቃዎች እስኪያበቁ ይቀዘቅዝና፣ ከጸጥታው በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ድምፅ ያዘቅጠዋል። የዓመቱ ከባድ ድምፅ ደግሞ እርሱ ነው።

የስኪዳም ወፍጮዎች በግዝፈታቸው በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ደ ኖርድ የሚባለው ከ30 ሜትር በላይ ይቆማል። ጎብኚ ሲያያቸው ለዝና የተሠሩ ይመስለዋል። የተሠሩት ግን ለየኔቨር የሚሆነውን እህል ለመፍጨት ነው፤ የረዘሙትም የከተማው ቤቶች ነፋሱን ስለጋረዱባቸው፣ ከጣሪያዎቹ በላይ መድረስ ስለነበረባቸው ነው። ግዝፈታቸው ለችግር የተሰጠ መልስ ነው። የኛ እንግዳ ግዝፈት የየትኛው ችግራችን መልስ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ የኔ የልጅነት ናፍቆት።

አንድ ነገር ቀረኝ። በማኅበራችን ውስጥ እዚሁ ስኪዳም የተወለደች፣ ወላጆችዋ ኢትዮጵያውያን የሆኑ የ15 ዓመት ልጅ አለች። በአሮጌው ኢ ፍላት ቱባ እየተማረች ነው፤ እኔ ስነሳ ወንበሩን የምትወርሰው እርሷ ናት። በፈተናው ሁለተኛ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እናትየዋ ጠራችኝ። “ዶክተር፣ እርስዎ ይሻላል የሚሉትን ማለቴ አይደለም፤ ግን ያንን ትልቁን ልትሸከም ነው ይሉኛል። ጀርባዋን ፈራሁላት” አለችኝ። “እህቴ፣ ገና አልተወሰነም፤ እኔም እያሰብኩበት ነው” አልኳት። ልጅቱ ከጎኗ ቆማ ነበር። በዚያ ሳምንት ትልቁን ሞክራዋለችና ምን ተሰማሽ ብዬ ጠየቅኋት። አማርኛዋን እየፈለገች መለሰችልኝ። “ጋሼ፣ እሱን ስነፋ እኔ ብቻ ነው የምሰማው። በትንሹ ግን ሌሎቹን እሰማለሁ።”

ሁለት ሳምንት በሚዛን፣ በሜትርና በሳንቲም ስፈልገው የነበረውን ፍርድ ልጅቱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሰጠችኝ። የታችኛ ድምፅ ሥራው መሰማት አይደለም፤ ከላዩ ያሉት እንዲሰሙና እንዲሰማሙ ማድረግ ነው። ክላሪኔቱ ቅኝቱን የሚያስተካክለው በቱባው ላይ ተደግፎ ነው፤ ከበሮው ምቱን ከእርሱ ጋር ያጋጥማል። የሚደግፋቸውን የማይሰማ ባስ የቱንም ያህል ቢያምር ቱባ ባለሥልጣን ነው፤ ወንበሩን ይሞላል፣ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም። እንዲህ ያለውን ግዝፈት በአገራችን ታሪክ ደጋግመን አይተነዋል፤ ምሳሌውን አላበዛውም።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ጽሑፍ አንድ ገጽ ነበር። መሣሪያው የተከበረ ነው፤ ለአዳራሽና ለዝግተኛ ሙዚቃ፣ ተቀምጦ ለሚነፋ፣ ሌላ ባስ አጠገቡ ላለው ትልቅ ባንድ ይመከራል፤ አራተኛው ቫልቭ ይታደስ። ለኛ ግን አይሆንም። በገንዘቡ አራት ቫልቭና የብሌክሊ ዘዴ ያለው አዲስ ኢ ፍላት ቱባ ይገዛ፤ ነፊዋም እርሷ ትሁን፤ እኔ በአሮጌው እቀጥላለሁ። መሪያችን አንብቦ ቀና ብሎ አየኝና “አንተ ይህን መሣሪያ ትወደው አልነበረም ወይ?” አለኝ፤ ሆላንዶች እንዲህ ያለውን ነገር በቀጥታ ነው የሚጠይቁት። እወደዋለሁ አልኩት። ከመመለሱ በፊት ባለው ምሽት ክፍሉን ከፍቼ አንድ ጊዜ ብቻ ነፋሁት፤ ያውም ከጥጉ ወጥቼ፣ መካከል ላይ ቆሜ። ድምፁ አሁንም ያምር ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው ሌሊት ያነሰ ነበር። እውነተኛ መጠኑ እርሱ ነው።

አንባቢ ከቤቱ መደርደሪያ ላይ ከነዚያ የድሮ ሲዲዎች ወይም ካሴቶች አንዱን ባያጣ፣ አንድ ውለታ ይዋልልኝ። ዘፋኙን ለአንድ ጊዜ ይተወው፤ ሳክስፎኑንም ይተወው። ከታች ጀምሮ፣ ወለሉን ማን እንደያዘው እየጠየቀ ያዳምጥ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈ ስም ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።